የሟች ፀሐይ መሞቅ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ የዕድራችን ዳኛ፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከጀሞና ከኮዬ ፈጬ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራችሁ የመጣችሁ የድሮ ጎረቤቶቻችን፤ ብድር መላሽ ያድርገን። ከኋላ የቆማችሁትን «ብርድ ነው፣ ወደ ፀሐዩ ጠጋ በሉ» ልላችሁ ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳይ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ባላችሁበት ቁሙ።

ሟች ፀሐይ መሞቅ፣ ሰፈር በቁልምጫ ጋሽ ሙቄ የሚላቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ውርጩ ጥቅምት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊዜ አለኝ፣ ምሥራቅ በሚያይ የጭቃ ግድግዳ ሥር ተወለዱ። በዕድሜ ከተማዋን ይበልጧታል። እንዲያውም ሐቁ ይነገር ከተባለ፣ ከተማዋን የወለዱት እሳቸው ናቸው። በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥት ዓይኑን ወደ ታች የጣለው ለምን ሆነና? እንጦጦ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ከታች ሜዳው ላይ ደግሞ ፍል ውሃ ይጨሳል። እቴጌ ጣይቱ ወርደው አዩት፣ ወደዱት፣ ቤት አሠሩበት፣ አዲስ አበባ አሉት። ሙቀት ፍለጋ የተቆረቆረች ከተማ ናት ዛሬ የልብ ወዳጇን የምትቀብረው።

ትምህርታቸውን በቄስ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ጠዋት ጠዋት የኔታ በርጩማቸውን ወደ ፀሐዩ ሲያዞሩ ሀሁም አብሮ ይዞር እንደነበር የፊደል ባልንጀሮቻቸው ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ትምህርት አልጨመሩም። በሥራ ዓለም ግን በልዩ ልዩ የኃላፊነት ቦታዎች፣ ከአንዱም ሳይነሡ፣ ከአንዱም ደመወዝ ሳይቀበሉ አገልግለዋል። የስጥ ጠባቂ ነበሩ፦ በርበሬው ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ዶሮ ስትጠጋ «ኡሽ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ የዶሮዋም የበርበሬውም ባለቤት ማን እንደሆነ ግድ አይሰጣቸውም። ሞግዚት ነበሩ፦ አራስ ልጅ ቅቤ አናቱ ላይ ተደርጎለት፣ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ሆዱ ተገልጦ እሳቸው እቅፍ ውስጥ ይገባል። የጸጉር ቤትም ነበሩ፦ ሹሩባ የሚሠራው፣ እንዝርት የሚሾረው፣ በቆርኪ ዳማ የሚሸናነፉት ሁሉ በእሳቸው ግቢ ነው፤ ግቢያቸው ደግሞ አጥር አልነበረውም።

የተፈጥሮ ሀብታቸውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይህን ደስታ እንዲሁ ስንፍና አድርጎ ስለሚያየው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ጥላው ያንዘፈዝፋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው። ቆላ ላደገ ሰው ይህን ቢያስረዱት አይገባውም። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ደመና የሌለው ሌሊት የምድሩን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ያስመልጠዋል። የጭቃ ቤት ደግሞ ብርዱን ይዞ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ከቤት ይልቅ ደጅ ይሞቃል። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ወሬ ፈልጎ ነው የምትሉ ተሳስታችኋል፤ መጀመሪያ የሚያስወጣው ብርዱ ነው። ወሬው እዚያው ነው የሚደርስበት።

አሞቃቁም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ የፊት ለፊቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ተሻግራ ግድግዳው ወገብ ላይ ታርፋለች። ዱካ ያለው ዱካውን፣ የሌለው የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያቺን ለስላሳ ድንጋይ ይይዛሉ፤ በተቀማጭ ብዛት ተወልውላ ያለ ሰም የምታብረቀርቀውን። ቅድሚያ የሚሰጠው ለጀርባ ነው። ጀርባው ሳይሞቅ ጉልበቱን የሚያወጣ ሰው ጀማሪ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ጀርባ ሲበቃው ጋቢው ከትከሻ ወረድ ይላል፤ ቀጥሎ ጉልበት፣ ከዚያ የእግር ጣት። አራት ሰዓት አልፎ ጥላው ሲገፋ መቀመጫውን በስንዝር በስንዝር መግፋት ነው፤ ማንም ግን ተነሥቶ አይሄድም፣ ቂጥ ሳይነሣ ነው ጉዞው። አምስት ሰዓት ላይ «ኧረ ይኼስ ፈጀኝ» ያለ ሰው ስብሰባውን በተነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በነጻ ነበር። ደረሰኝ የለውም።

ሌላውን መልካም ምግባራቸውን ታውቁታላችሁ፤ እዘለዋለሁ። ግን ያ አመላቸው! ሬሳ ፊት ክፉ አይወራም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልጅነቴንና ጉርምስናዬን ሙሉ በዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ሳልፍ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ይህን ሳልል ብወርድ አፈሩ ይከብደኛል። አንቱታውም ለጊዜው ይቆየኝ።

ጋሽ ሙቄ መርማሪ ነበር። በዚህች ከተማ ስንት ዓይነት መርማሪ አይተናል፤ እንደ እሱ ጀርባውን እያሞቀ የሚመረምር ግን አላየንም። መታወቂያ አይጠይቅም፤ መታወቂያህን ስታወጣ እነማን ምስክር እንደሆኑልህ ጭምር ያውቃል።

«ከየት ነው?»

«ከገበያ።»

«ከየትኛው ገበያ?»

«ከሾላ።»

«ሽንኩርት ስንት ገባ ሾላ?»

ዋጋው ይነገረዋል። ጋቢውን ያስተካክላል፣ ከጎኑ ካሉት ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል።

«ተበልተሻል።»

አለቀ። ያች ሴትዮ ያን ቀን ምሳ ስትሠራ የሚያቃጥላት ሽንኩርቱ አይደለም።

ሥጋ ማሳለፍማ የጦር ሜዳ ነበር። ግማሽ ኪሎ ሥጋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ጋዜጣው በጥቁር ፌስታል ታስሮ፣ ፌስታሉ በኮት ተሸፍኖ ሲያልፍ ከግድግዳው ሥር አንድ ድምፅ ይወጣል፦ «ሽንጥ አይደለም። ሽንጥ እንዲህ አይንጠለጠልም።» እናቴ ሥጋ የምታስገዛን ከመሸ በኋላ ነበር፤ ምክንያቱ ፍሪጅ ማጣት እንዳልሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጥቁር ፌስታልን ለዚህ ሰፈር ያመጣው ንግድ አይመስለኝም፤ ጋሽ ሙቄ ነው። እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. በፌስታልም ላይ አዋጅ ወጥቶበታል፤ ሁለቱ ባላንጣዎች ተከታትለው መሄዳቸው ነው።

ከሴት ልጅ ጋር መታየት የሚባል ነገርስ? አይታሰብም። እሷ ቀድማ ታልፋለች። እኔ ሱቅ ገብቼ ማስቲካ እገዛለሁ፣ ከባለሱቁ ጋር ስለ ኳስ አወራለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ ከዚያ ከእሷ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ሰው ቀስ ብዬ እወጣለሁ።

«ማስቲካው ለማን ነው?»

እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ ነፍስ ይማር የምንለው። ነፍስ ይማር።

የማትሪክ ውጤት የወጣ ዕለት ግን አልጠየቀኝም። ውጤቴን ከእኔ ቀድሞ ሰምቶታል። በፊቱ ሳልፍ ሁሉም ወደ ዳማው አጎነበሱ፤ የሚንቀሳቀስ ቆርኪ ግን አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ ድንጋይዋ ላይ ጠጋ ብለው ለግማሽ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ምንም አልተባለም። ጀርባዬ ሞቀ።

ዝም ማለትስ ያውቅበት ነበር። ታላላቆቻችን እንደሚያወሩት፣ በቀይ ሽብር ዘመን የታጠቀ ሰው ያ ግድግዳ ጋ ቆሞ «የእገሌ ልጅ በየት በኩል አለፈ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ ሽንጥን በፌስታል ውስጥ የሚለይ ዓይን፣ በአንድ አፍ «ፀሐዩ ወጋን፣ አላየንም» ይል ነበር። የጎረቤትን ሽንኩርት ዋጋ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው የጎረቤትን ልጅ አሳልፎ አልሰጠም። ይህንን ሳስብ ከላይ የተናገርሁትን ግማሹን ልውጠው ያሰኘኛል። ማስቲካውን ግን አልውጠውም።

ወደ አንቱታችን እንመለስ።

የእሳቸው መዝገብ ወረቀት አልነበረውም። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን አልወጣም በቃል ይያዛል። መጨረሻ ቤት ያሉት አሮጊት በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዱካቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነና አልመጡም። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ አንዷ ሴት ሹሩባዋ ግማሹ እንደተሠራ፣ ግማሹ እንደተበተነ ተነሥታ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ወድቀው ነበር፤ ዳሌያቸው። ሰው በጊዜ ስለደረሰላቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ጠዋት ሞቀዋል። አሁን እኔ የምኖርበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከግድግዳዬ ወዲያ ያለውን ሰው ስሙን አላውቀውም። እሱም ስሜን አያውቅም፤ ዋይፋዬን ነው የሚያውቀው።

ስለ አሟሟታቸው መናገር አለብኝ። በወረቀቱ ላይ «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ ተጽፎ ተሰጥቶኛል። ማን እንደጻፈው አላወቅሁም፣ አላነበውምም። ሟች አልታመሙም። ተገድለዋል፤ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጥቃት የደረሰባቸው በጥላ ነው። አጠገባችን ጂ ፕላስ ፎር ተሠራ። መሠረቱ ሲቆፈር ግድግዳው ሥር ያሉት ሁሉ ተመልካች ነበሩ፤ ስንት ብረት ገባ፣ ስሚንቶው ቀጥኗል ወፍሯል እያሉ ሲመረምሩ የራሳቸውን መቃብር ቁፋሮ እየተቆጣጠሩ መሆናቸውን ልብ አላሉም። ሁለተኛው ፎቅ ሲያልቅ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ የምታርፈው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሆነ። አራተኛው ሲያልቅ አምስት ሰዓት። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሙቀት አይደለም፣ ጥብስ ነው። ለሕንፃው ባለቤት «ፀሐያችንን ወሰድህ» ብሎ የሚከሰው የለም፤ ካርታው ላይ መሬት እንጂ ፀሐይ አልተለካም።

ከዚያ ግድግዳው ራሱ ሄደ። መኪና መጣ፣ ቁጥር የተጻፈበት በር ወደቀ፣ ዕጣ ወጣ፤ አንዱ ወደ የካ አባዶ፣ አንዱ ወደ ቱሉ ዲምቱ። ዶሮ ማነቂያን በ2016 ዓ.ም. ያየ፣ ካዛንቺስን ከዚያ በኋላ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋልና አልደግመውም። የጭቃ ቤቱ ይቆይ ብዬ የምከራከር አይምሰላችሁ። ዝናብ በጣሪያው ገብቶብኛል፤ ሽንት ቤቱን ከስንት ሰው ጋር ተጋርቻለሁ፤ ማንም ስለ ጭቃ ቤት ፍቅር አያስተምረኝ። የምጠይቀው አንድ ነው፦ ያን ሁሉ ዘመናዊ ፕላን ስትነድፉ፣ ለመኪና ማቆሚያ ስታሰሉ፣ ለአበባው ቧንቧ ስትዘረጉ፣ አንድ ሽማግሌ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀርባውን የሚሰጠው ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ለማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጅ ነበር?

እዚህ ላይ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ሰፈሩ ሲፈርስ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረና ቆርቆሮው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ፤ የሚሠራው ነገር ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ። ሥዕሉ ላይ ፀሐይ ከአራቱም ማዕዘን ታበራለች። አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ። ሟች ናቸው! ገዳዩ ፎቶአቸውን ለጥፎታል። ሠርተው ሲጨርሱ ወንበሩ መጣ፤ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ፣ ጀርባው መደገፊያ ሳይኖረው፣ ጠዋት ሙሉ የሕንፃው ጥላ እያረፈበት። ከአበባው ጠርዝ ፀሐይ ያለበት ቦታ አግኝቼ ጠጋ ብል አንድ ልጅ በፊሽካ ነፋብኝ። «ጋሼ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው።» የት ነው የማይከለከለው አልሁት። ካፌውን አሳየኝ። ካፌው ፀሐይ አለው፤ ፀሐዩ ላይ ግን ጃንጥላ ዘርግተውበታል፣ ጃንጥላው ሥር ለመቀመጥ ደግሞ ማኪያቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። ፀሐይን አግዶ ጥላ በማኪያቶ ዋጋ መሸጥ! ይህን ያሰበ ሰው አእምሮ አለው፤ ምነው ከእኛ ጋር በሆነ ያሰኛል።

የመጨረሻውን ጥፊ የሰጣቸው ኮንዶሚኒየሙ ነው። በረንዳ አለው፤ አልዋሽም። በረንዳው ላይ ዲሽ አለ፣ አራት ጀሪካን ውሃ አለ፣ የተሰበረ የሕፃን ብስክሌት አለ፣ ገመድ ሙሉ ልብስ አለ። ፀሐይ የሚሞቀው ልብሱ ነው። ሰውዬው ውስጥ ሆኖ ካልሲ ደርቦ፣ በስልኩ ላይ ሌላ ሰው ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ ያያል። ደረጃውን መውረድ ለጉልበት ታማሚ ቀላል አይደለም፤ ቢወርድም ከታች የሚያገኘው የቆመ መኪና ነው። መኪና እንኳ ጠዋት ፀሐይ ላይ እንዲቆም የጥበቃ ሠራተኛ ይመደብለታል።

ውጤቱን ሐኪም ቤት ታዩታላችሁ። አጥንቴን አመመኝ ያለ ሁሉ ደም ይሰጣል፤ «ቫይታሚን ዲ አንሶሃል» ይባላል። የት አገር? ለስንት ዘመን «የ13 ወር ፀሐይ» እያልን እንግዳ በጠራንበት አገር! በኋላ መፈክሩን ቀይረን «ምድረ ቀደምት» አልን፤ ጥሩ አደረግን፣ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ተብለን ልንከሰስ ነበር። አሁን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ከሽቶና ከጫማ ጎን ቫይታሚን ዲ ይዞ ይመጣል። ስድስት ወር በረዶ ከሚወርድበት ከተማ ፀሐይ በጠርሙስ ይላክልናል፣ እኛም በጠብታ ለሕፃኑ እንሰጣለን። ሕፃኑ አፉን ሲከፍት ሳየው ሆዱን ገልጠው ፀሐዩ ላይ ያስተኙኝ ሴቶች ትዝ ይሉኛል። ደም አልመረመሩ፣ ማይክሮስኮፕ አላዩ፤ እጃቸው ግን ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር፣ አጥንቴም አልጎበጠም። ይኼኔ ነው የምር የሚያስለቅሰኝ፤ ይቅርታ፣ መሐረብ ካላችሁ።

ገዳያቸው ማን ነው ለምትሉኝ፣ ስም አልጠራም። አንድ ሰው አይመስለኝም፤ ብዙ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። እዚሁ መካከላችን ጥቁር ለብሶ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከሁላችንም በፊት ደርሶ አበባ ያስቀመጠው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን እወራረዳለሁ፦ ያን ፕላን ያወጣው ሰው ቤቱ ሰፊ ግቢ አለው፣ ግቢው ምሥራቅ ያያል፣ ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን ወደ ውጭ ያወጣል። ወንበሩን የሚያዞርበትን አቅጣጫ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ይቅር ማለት የሚያቅተኝ።

ሟች ከዚህ ዓለም ሲለዩ የሚከተሉትን ቤተሰቦች ትተው ሄደዋል፦ አንዲት ድመት፤ እሷ አሁንም የቆመ መኪና ክዳን ላይ ሥራዋን ቀጥላለች፣ ማንም አልከለከላትም። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ በኩል ያሉ ጥቂት ግድግዳዎች፤ አድራሻቸውን ለደኅንነታቸው ስል አልናገርም። አንዲት ለስላሳ ድንጋይም ነበረች። በፍርስራሹ መሐል ስትፈለግ አልተገኘችም፤ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ «ባህላዊ ጌጥ» ሆና፣ ዙሪያዋ በገመድ ታጥሮ፣ «አይነካም» ተብሎ ተጽፎባት አየሁ ያለ ሰው አለ። እሷ ራሷ ካልሆነች እህቷ ናት።

ከመበታተናችን በፊት የዕድራችን ዳኛ ያዘዙኝን ማስታወቂያ ላንብብ። ሰልስቱ የሚደረገው እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ኋላ ባለው ኮሙናል ነው። ድንኳን ማቆም ስለተከለከለ ተቸግረን እንጂ ወደን አይደለም። ክፍሉ ወደ ሰሜን ያያል፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ጀነሬተር አለ፤ ስለዚህ ጋቢም ካፖርትም ይዛችሁ ኑ። ኪራዩ የሚታሰበው በሰዓት ነው፤ ንፍሮው ቶሎ ይቀርባል፣ ቶሎ ይነሣል። ሥራ የሚገባ ሰው ቀድሞ ይብላ። ማኅበራዊ ጥያቄ ያለው ሰው፣ ማለትም ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ከማን ተጣላ የሚል፣ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይጻፍ፤ ጸሐፊው ሲመቸው ይመልሳል።